የእትዬ ተረኛ ዕረፍት

አክስቴ ማረፍ የሚባል ነገር አታውቅም። ይህን የምለው ለሙገሳ አይደለም። ማረፍ አለማወቅ እንደ ትልቅ ሙያ የሚወራበት ቤት ብዙ ነው፤ እኔን ግን ያበሳጨኛል። ፀጉር ቤት ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ የማየው ማረፍ ያቃታቸውን ሴቶች ነው። ወንበሬ ላይ ጋደም ብለው፣ ጭንቅላታቸው ለብ ባለ ውሃ እየታሸ፣ በስልካቸው ሰው ይቆጣሉ። አክስቴ ከሁሉም ትብሳለች። እሷ ተኝታም በሕልሟ ሰው ታሰልፋለች።

ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ ተረኛ» በሚል ስም ነው። ዕድሜዋን የጨረሰችው ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ከመስኮቱ ኋላ ሆና «ተረኛ!» ስትል ድምጿ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ ግቢውን ዞሮ፣ በር ላይ ተደብቆ ሲጋራ የሚያጨሰውን በሽተኛ ሳይቀር ያስደነብረው ነበር። የመስኮቷ ሕግ ቀላል ነው። ስትጠራ ያልሰማ ተራው አለፈ፣ ወደ መጨረሻ ይመለሳል። ለማንም ብላ ከመስኮቷ ወጥታ አታውቅም። እናቴን፣ የገዛ እህቷን፣ ሸለብ አድርጓት ጥሪውን ስላልሰማች ወደ ሰልፉ ጭራ መልሳታለች። እናቴ እስከዛሬ ቂሟን አልረሳችም።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ተረኛው ሲገባ የቀሩት አንድ አንድ ወንበር ይጠጋሉ። ጉሮሮዋ በደከመ ቀን አትጮህም፤ እጇን በመስኮቱ አውጥታ በመዳፏ ጀርባ ወዲያ፣ ወዲያ ታደርጋለች። ያኔ ሁሉም ብድግ ብሎ አንድ ወንበር ይጠጋል። በሰፈሩ ይህችን ምልክት የማያውቅ የለም፤ ሕፃን ሆነው እናታቸው ጭን ላይ የተማሯት አሉ። ጣጣውን ሁሉ ያመጣችው ይህች ምልክት ስለሆነች ያዙልኝ።

ባሏን ጋሼ ወፍጮ እንለዋለን። ጉልበቱን የጨረሰው ወፍጮ ቤት ነው፤ ሞተሩና ድንጋዩ ጆሮውን ቀስ በቀስ ወሰዱት። ነጎድጓድ አይሰማም፣ በር ሲንኳኳ አይሰማም፣ እኔ ጆሮው ሥር ሆኜ ብጮህ ፈገግ ብሎ አገጬን ይነካኛል። የአክስቴን ድምፅ ግን ይሰማል። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ የተረፈለት አንድ ድምፅ የሷ ነው። ማታ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብላ የቀኑን ወሬ ትጮህለታለች። ማን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ የቲማቲም ዋጋ እንዴት ሰነበተ። እሱ ደግሞ ክፉ ልማድ አለው። ምንም ብትለው «ምን አልሽ?» ይላል፤ ትደግምለታለች። ስለዚህ አክስቴ በትዳር ዘመኗ የተናገረችውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ተናግራዋለች ማለት ነው። ጉሮሮዋ አንድ ቀን እምቢ ቢል ምን ይገርማል?

እምቢ ያለው ጡረታ በወጣች በዓመቱ ነው። አንድ ጠዋት ጋሼን ቁርስ ልትጠራ አፏን ስትከፍት እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ አለ፣ ከዚያ ያም ጠፋ። እጇን ይዤ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ዶክተሩ ጉሮሮዋን በመስታወት ካየ በኋላ ፊቱ ጠቆረ።

«እትዬ፣ የድምፅ ጅማትዎ ክፉኛ ተጎድቷል» አላት። «በጋውን በሙሉ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ። ሹክሹክታም ቢሆን፤ እሱ እንዲያውም ይብሳል። ግቢዎ ውስጥ አትክልት አለ አይደል? እዚያ ቁጭ ይበሉ። አረንጓዴ ይዩ። እግርዎን ይዘፍዝፉ፣ ራስዎን ይንከባከቡ። በጋው ሲያልቅ እኔ ባለሁበት አንድ ቃል ይሞክራሉ። ከወጣ እሰየው። ካልወጣ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ከዚያ በኋላም አይጠብቁት።»

ጋሼ ወፍጮ አጠገቧ ቆሞ ነበር። የዶክተሩ ከንፈር መንቀሳቀሱን ሲያቆም ወደ አክስቴ ዞሮ «ምን አለ?» አላት። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ዶክተሩ ዘሎ በእጁ ከደነው። ጋሼ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየንና «ምን አልሽ?» አለ። ቤት ስንገባ ነገሩን በወረቀት ጽፌ አስነበብኩት። አንብቦ ሲጨርስ ኮፍያውን አወለቀና በእጁ ይዞ ብዙ ቆየ። አንጀቴን በላው። ድምጿ ካልተመለሰ ለጋሼ ዓለም ጭጭ ማለቱ ነው፣ ሁላችንም ገብቶናል።

እኔም ቆርጬ ተነሳሁ። እንግዲህ ማሳረፍ ከሆነ ሙያዬ ነው! የአክስቴ አትክልት ቦታ ከቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ጥጉ ላይ አንድ የኮክ ዛፍ፣ ግድግዳው ሥር ጽጌረዳ፣ ባረጀ ባልዲ ውስጥ ናና፣ ከመንገዱ የሚለየው ደግሞ ወገብ የማይደርስ የቁጥቋጦ አጥር። ጥላው ቀኑን ሙሉ ስለሚዞር፣ እሷ ደግሞ ወንበር ተሸክማ ጥላ የምትከተል ሰው ስላልሆነች፣ ያገኘሁትን የፕላስቲክ ወንበር ሁሉ ሰብስቤ በግድግዳው ልክ ደረደርኩላት። የጠዋት ወንበር፣ የረፋድ ወንበር፣ የቀትር ወንበር፣ እያለ እስከ አጥሩ በር ድረስ። ሰማያዊ ሳፋ አምጥቼ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁ፣ ጨውና ናና ጨመርኩበት። ኪያር ቆርጬ ዓይኗ ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ትከሻሽን ልቀቂው» አልኳት።

የቀኙን ለቀቀች።

«ሁለቱንም!»

ግራውን ስትለቅ ቀኙ ተመልሶ ወጣ። ቢሆንም ጥቂት ቀን ሲያልፍ ነገሩ መልክ እየያዘ መጣ። ጋሼ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የደረቀ ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ ቀንድ አውጣ ለቅሞ ያሳያታል፣ እጇን ይይዛል። አንዳንዴ ምንም ሳትል «ምን አልሽ?» ይላታል። እሷም ጣቱን ጭምቅ ታደርግለታለች። ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ጉዱ የፈላው አንድ ረፋድ ላይ ነው። እኔ ማድ ቤት ሁለተኛ ኪያር እየቆረጥኩ ነው። አክስቴ ዓይኗ ላይ የመጀመሪያው ኪያር አለ። በመንገዱ የሚያልፈው ልብስ ሰፊው ነው፤ እግሩ የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሮ ያበጠ፣ የጤና ጣቢያው የዘወትር ደንበኛ። በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሲያይ ምን አየ? እትዬ ተረኛን። ከጎኗ ግድግዳ ይዘው የተደረደሩ ወንበሮችን። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ጤና ጣቢያው ቅርንጫፍ ከፈተ ብሎ ገባና ጋሼን «የመጨረሻው ማነው?» አለው። ጋሼ አልሰማም። በሽተኛ ጠያቂ መስሎት ፈገግ ብሎ ብድግ አለና ወንበሩን ለቀቀለት። ልብስ ሰፊው አመስግኖ ተቀመጠ። ቀጥሎ ዳቦ ሻጯ አለፈች፣ የተቀመጠውን አየች፣ ገባች። ከዚያ አንድ ሾፌር መኪናውን አጥሩ ሥር አቆመ።

ኪያሩን ይዤ ስወጣ ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተዋል።

«ምንድነው ይኼ?» ብዬ ስጮህ አክስቴ ኪያሩን ከዓይኗ አነሳች። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ክው አለች። መናገር የለ። እጇን አንስታ «ውጡልኝ!» ለማለት በመዳፏ ጀርባ ወዲያ፣ ወዲያ አደረገች።

ሁሉም ብድግ ብሎ አንድ ወንበር ተጠጋ።

ልብስ ሰፊው የሚጠጋበት ወንበር አጣ። ከፊቱ ያለው ሳፋው ብቻ ነው። ጥቂት አሰበና ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ሁለቱን ያበጡ እግሮቹን የአክስቴ እግሮች አጠገብ ውሃው ውስጥ ነከረ። አክስቴ የራሷን መንጭቃ አወጣች። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እፎይ!» አለ። «ኧረ እፎይ! ታዲያ ይኼን ያህል ዘመን ክኒን ስትሰጡኝ የኖራችሁት ለምንድነው?»

ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ይኼ ሕክምና አይደለም! የሰው ቤት ነው! አክስቴ እያረፈች ነው!»

«ልጄ» አለችኝ ዳቦ ሻጯ በትዕግሥት፣ «ሰልፍ አትበጥሺ። ከኋላ ተሰለፊ።»

በነጋታው ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ አጥሩ ላይ ሰቀልኩ፤ «እዚህ ሕክምና የለም። ወደ ቤታችሁ ሂዱ።» ከዚህ የባሰ ሞኝነት ሠርቼ አላውቅም። ጤና ጣቢያው በር ላይ «ለዛሬ አልቋል» የሚል ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት ተሰቅሎ ይኖራል፤ የሚታከመው አንብቦ የማይሄደው ሰው ነው። የእኔን ካርቶን ያየ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ እርግጠኛ ሆነ። ሰልፉ አጥሩን አልፎ መንገድ ወጣ። ወንበር ስላጠረ ሰው ከቤቱ ይዞ መጣ፣ ሳፋም እንዲሁ። ኪያር የያዘም ነበር፣ ግን እስኪጠራ ሲጠብቅ በላው። ምን ያመመው እንደሆነ ቢጠየቅ የማያውቅ ሞልቷል። ሾፌሩን «አንተ ምንህን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ስገባ ይነግሩኛል» አለኝ።

አክስቴስ? በመጀመሪያው ሰሞን ፊቷ ቲማቲም መሰለ። በኋላ ግን አንድ ጠዋት በመስኮት አያት ሰዉ ሳይመጣ ተነስታ ወንበሮቹን እያስተካከለች ነው። ጥግ ላይ የተጣመመውን አቀናች፣ ራቅ ብላ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም ትከሻዋ ወርዷል! እኔ በጨውና በናና ያላወረድኩትን ትከሻ ሰልፍ አወረደው። በእጇ ወዲያ ትላለች፣ ይጠጋሉ፤ አንዱ ይነከራል፣ ሌላው ይደርቃል። ቃል አትተነፍስም። ሰዉም እሷን አይቶ ዝም ይላል። ያ ሁሉ ሰው ጽጌረዳ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ንብ እያየ፣ ምንም ሳይናገር ሲውል ማን ያምነኛል? የእኔ ፀጉር ቤት ባዶውን ቀረ። ደንበኞቼ እዚያ ተሰልፈዋል፣ ስልካቸውን ዘግተው።

በመጨረሻ ዶክተሩ ራሱ መጣ። በሽተኛው ወዴት እንደገባ ሊያጣራ ነው የመጣው፣ ተቆጥቷል። አጥሩን አልፎ ሲገባ አክስቴ አየችውና እጇን አንድ ጊዜ ወዲያ አደረገች። ሰውየው እያየሁት የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው» አለኝ አፍሮ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ ይመጣል።

እንዲህ ስንስቅና ስንናደድ አንድ ሰው ረሳን። ጋሼ ወፍጮን። ያቺን አጠገቧ ያለች ወንበር ለልብስ ሰፊው ከለቀቀ ወዲህ መልሶ አላገኛትም። ቦታዋ የተረኛው ሆነች። ጠዋት ሲወጣ ቀድሞት የተሰለፈ ሰው አለ፣ ማታ ደግሞ አክስቴ በድካም ዝልፍልፍ ብላ ትተኛለች። ኋላ ሳየው ከውሃው በርሜል ጀርባ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የኮክ ጭራሮ ይልጣል። መጀመሪያ ድምጿን ነበር ያጣው፤ አሁን እሷንም አጣ። በምልክት «ና፣ እኔ ቦታ አስለቅቅልሃለሁ» ስለው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዶች ናቸው» አለኝ። «ያፍራሉ።»

በጋው እያለቀ መጣ። ኮኩ በስሎ አለቀ፣ ቅጠሉ ቢጫ አለ። ዶክተሩ አንድ ቅዳሜን ለሙከራው ቀን ቆረጠ፣ ሰልፉም ሥራ አገኘ። አክስቴ የትኛውን ቃል ትበል? ዶክተሩ «ቀላል ነገር ነው የሚያስፈልገው፣ ‹አ› ቢሉ በቂ ነው» አለ። ልብስ ሰፊው «‹አ› ምን ቃል ነው? ‹እፎይ› ትበል እንጂ» አለ። ዳቦ ሻጯ የሁለቱንም ሐሳብ ናቀች። አክስቴ ሁሉንም ሰማች፣ ፊቷ ላይ ግን የሚነበብ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ያስተካከለችውን ወንበር መልሳ መላልሳ ስታስተካክል አይቻለሁ። ፈርታለች። አንዲት ቃል፣ ከወጣች ወጣች፣ ካልወጣች ለጋሼ ከእንግዲህ የሚሰማ ነገር በዓለም የለም።

ቅዳሜ ዕለት ጋሼ ጢሙን ተላጨ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለበሰ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ በርጩማውን ይዞ ወጣና በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ግቢው፣ የሰልፉ ጭራ ላይ ተቀመጠ። ሄጄ እጁን ስስበው አልነሳ አለኝ። «ተራዬን እጠብቃለሁ» አለ። ግን ምን ተራ ይደርሰዋል? አዲስ የመጣ ሁሉ «የመጨረሻው ማነው?» ሲለው ፈገግ ብሎ ብድግ ይላል፣ ቦታውን ይለቃል፣ በርጩማውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ሰልፉ ይጠጋል፣ እሱ ይርቃል። ከሰዓት በኋላ አጥሩ በር ላይ ደርሶ ነበር።

ዶክተሩ ተራውን ጨርሶ፣ እግሩን አድርቆ፣ ጫማውን አጠለቀና ሰዓቱን አየ። «እትዬ፣ ጊዜው ነው» አላት። «ሳይጨነቁ፣ ቀስ ብለው። አንድ ቃል ብቻ።»

አክስቴ ተነስታ ቆመች። በሰልፉ ላይ ዓይኗን ከራስ እስከ ጭራ አሳለፈችና በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጋሼን ያየችው ያኔ ነው። በርጩማው ላይ፣ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ፣ አንገቱን አስግጎ ወደሷ እያየ። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንዳለ የገባት መሰለኝ፣ ምክንያቱም ዓይኗ ሞላ። አፏን ከፈተች።

«ተረኛ» አለች።

ወጣ ልበል? ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜ እኔ በግድ ነው የሰማሁት። የተላጠ፣ የቀጠነ፣ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነበር። ተረኛው ልብስ ሰፊው ስለነበር ግማሽ ብድግ ብሎ ቀረ። ጋሼ ወፍጮ ንቅንቅ አላለም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ እንደተቀመጠ ቀረ። ዶክተሩ መሬት መሬት አየ። አለቀልን፣ አልኩ በልቤ።

የጤና ጣቢያው ሕግ የታወቀ ነው። ስትጠራ ያልሰማ ተራው አለፈ። አክስቴ ግን ጎንበስ አለችና ሳፋውን ከነውሃው አነሳች። ቀሚሷ እየረጠበ፣ ውሃው ወዲያና ወዲህ እየፈሰሰ፣ በወንበሮቹ ፊት ተራመደች።

«ኧረ ሰልፍ ይከበር!» አለ ሾፌሩ።

«ዝም በል!» አለችው ዳቦ ሻጯ። «እትዬ ተረኛ ከመስኮቱ ወጣች እኮ!»

አጥሩ በር ላይ ስትደርስ ሳፋውን ከጋሼ እግር ሥር አስቀመጠች። ተንበርክካ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረች። እንባዋ ውሃው ውስጥ ይወርዳል። ጋሼ ጎንበስ ብሎ አያት።

«ምን አልሽ?» አላት።

አንገቷን እንኳ ቀና አላደረገችም። ክሩን ትፈታለች፣ ትከሻዋ ይርገበገባል። እሱ አገጯን በጣቱ ደግፎ ቀና አደረጋት፤ የሚስቅ ፊት ነበረው።

«ሰምቼሻለሁ እኮ» አላት። «እንድትደግሚልኝ ብዬ ነው። ሁሌም እንድትደግሚልኝ ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ዘመን ሁለት ሁለት ጊዜ የጮኸችው ምን ምን እንደነበር ስታስብ በፊቷ ላይ አየሁ። በረጠበ እጇ ጉልበቱን ጧ አደረገችው። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ድምፅ ነበረው።

«ተረኛ!» አለች።

«አንድ ቃል ነው እኮ ያልኩት!» ብሎ ዶክተሩ ጮኸ።

«ያችው አንዷ ናት፣ ደገመቻት እንጂ!» አለው ልብስ ሰፊው።

ጋሼ እግሩን ሳፋው ውስጥ ሲነክር ሰልፉ በሙሉ ብድግ ብሎ አንድ ወንበር ተጠጋ። እኔም ሳላውቀው ተጠጋሁ።